ዘፋኙን የመለሱት ባንዶች

በ2017 መጀመሪያ ላይ ፓሪስ ውስጥ አንድ አልበም ታተመ። ዘፋኙ ግርማ በየነ ነው። አጃቢው ባንድ አካሌ ውቤ ይባላል፤ አባላቱ ፈረንሣዮች ናቸው። አልበሙ የወጣው የድሮውን የአዲስ አበባ ሙዚቃ ለዓለም ባሰማው «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ሥር ሲሆን 30ኛው ቅጽ ነው። በውስጡ «እኔ ነኝ ባይ ማነሽ» የሚለው ዘፈን ይገኛል። ይህን ዘፈን ግርማ በሸክላ ካስቀረጸው ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በእነዚያ ዓመታት መካከል አብዮት አለፈ፤ ሰዓት እላፊ መጣ፤ ስደት ተከተለ፤ ሰውየውም ከሙዚቃ ርቆ ዋሽንግተን አካባቢ በነዳጅ ማደያ እስከ መሥራት የደረሰበት ረጅም ዝምታ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ሸክላዎቹም አልበሞቹም የተመዘገቡት በዚያ ነው።) እንዲህ ዓይነቱ መመለስ እንዴት ሊሆን ቻለ ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የድሮዎቹ ሸክላዎች በሲዲ ታትመው ስለ ወጡ ነው የሚል ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ትልቁን ሥራ የሠሩት የሌላ ሰው ዘፈን አንሥተው የተጫወቱ ባንዶች ናቸው ብዬ አምናለሁ። ግርማን ወደ መድረክ ያደረሰው መንገድ የተጠረገው በእነሱ ልምምድ ነው፤ ይህንንም ማስረጃው ያሳያል።

የሰው ዘፈን መጫወትን በተመለከተ በእኛ ዘንድ የቆየ ንቀት አለ። በክለብና በሆቴል የሌላውን ዘፈን የሚዘፍን ወጣት ጀማሪ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ «የራሱን ሥራ» እስኪያወጣ ድረስ አርቲስት ለመባል አይበቃም። ሙዚቀኞቹ ራሳቸው «ኮፒ» እያሉ ነው የሚጠሩት፤ ቃሉ ከአድናቆት ይልቅ ወደ ትችት ያዘነብላል። ነገር ግን ወርቃማው ዘመን ብለን የምንናፍቀው ያ ጊዜ ራሱ የተወለደው ከዚሁ ልማድ ነው። በስድሳዎቹ በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስ ሠራዊትና በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች፣ በኋላም በሆቴሎቹ ባንዶች የተሰበሰቡት ወጣቶች የአሜሪካን ሪትም ኤንድ ብሉዝ፣ ሶልና ሮክ ከሬዲዮና ከሸክላ እየሰሙ ይለማመዱ ነበር። አስመራ ላይ ከነበረው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር፣ ከቃኘው፣ የሚተላለፈው ሬዲዮ ለዚያ ትውልድ እንደ ትምህርት ቤት ሆኖለታል። ዓለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» የተባለው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ኤልቪስንም እየዘፈነ ነው ያደገው። የእነዚያን ዘፈኖች የትንፋሽ መሣሪያ አመታት፣ የቤዙን ምልልስ፣ የድራሙን አቆራረጥ በጣቶቻቸውና በከንፈራቸው አስገብተው ካጠኑ በኋላ ነው ወደ ትዝታና ወደ ባቲ፣ ወደ አምባሰልና ወደ አንቺ ሆዬ ቅኝት ያመጡት። ኮፒ ማድረግን ዝቅ አድርጎ የሚያይ ሰው ያንን ሙዚቃ ከሥሩ ሊያስረዳ አይችልም።

ግርማ በየነ የዚህ ትውልድ ሰው ነው። በራስ ሆቴል ከሚጫወተው ራስ ባንድ ጋር ከነባሕታ ገብረ ሕይወት ጎን ዘፍኗል፤ ፒያኖም ይጫወት ነበር፤ በኋላም ከዓለማየሁ እሸቴ ጋር ዓለም-ግርማ የተባለውን ባንድ መሥርቷል። በራሱ ድምፅ ያስቀረጻቸው ዘፈኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ዋናው ሥራው ቅንብር ነበር። ዛሬ በጥላሁን፣ በማሕሙድ፣ በዓለማየሁ ስም የምናውቀው ዘመን ውስጥ ከድምፁ በስተኋላ የሚሰማው የኦርጋንና የሳክስፎን ምልልስ፣ የመግቢያው ዜማ፣ በስንኞች መካከል የሚገባው የትራምፔት ምላሽ በብዙ ሸክላዎች ላይ የእሱ እጅ ነው። ይህ ለክርክሬ ትልቅ ቦታ ያለው ነገር ነው። አድማጭ ዘፈን ሲሰማ ዘፋኙን ይሰማል፤ ግጥሙን ይይዛል፤ ዜማውን ያንጎራጉራል። አቀናባሪውን ግን አይሰማውም፤ ስሙም ሸክላው መሐል ላይ በተለጠፈችው ክብ ወረቀት ላይ በትንሽ ፊደል ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። አቀናባሪን በእውነት የሚያገኘው ያንን ዘፈን ራሱ ሊጫወት የተነሣ ሙዚቀኛ ብቻ ነው። ሙዚቀኛው ሸክላውን ደግሞ ደጋግሞ እያዞረ፣ እያንዳንዱን የትንፋሽ መሣሪያ ድምፅ ለብቻው እየለየ፣ ሁለተኛው ሳክስፎን ምን ላይ እንደ ቆመ ሲፈልግ፣ እዚያ ቦታ ላይ አንድ ሰው አስቦ የወሰነው ነገር እንዳለ ይገባዋል። ያኔ «ይህን የሠራው ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። በድምፁ ጥቂት ዘፈን ብቻ ያለውን ሰው ባሕር ማዶ ያሉ ሙዚቀኞች ለምን ፈለጉት ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው።

የዘመኑን ሁኔታ ጥቂት ማስታወስ ያስፈልጋል። ከ1948 ጀምሮ ሸክላ የማሳተምና ከውጭ የማስገባት መብት በንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ለአገር ፍቅር ተሰጥቶ ነበር። በ1969 ዓምሐ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን ክልከላ ተጋፍቶ ዓምሐ ሪከርድስን አቋቋመ፤ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈንም አስቀድሞ አወጣ። ሸክላዎቹ የሚታተሙት በውጭ አገር ነበር። በስድስት ዓመት ገደማ ውስጥ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አሳተመ። ዓሊ ታንጎ በሚባለው ስም የሚታወቀው ዓሊ አብደላ ካይፋም ብዙ ሳይቆይ ካይፋ ሪከርድስን ይዞ ተከተለው። ዓምሐ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ያ አጭር ጊዜ፣ ከ1969 እስከ 1975 ያለው፣ ዛሬ መላው ዓለም «የኢትዮጵያ ሙዚቃ» እያለ የሚጠራውን አብዛኛውን ቅጂ የሰጠን ነው። እንዲህ አጭር መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ አንድ ሙዚቃ ለማበብ የቻለበት መስኮት ስድስት ዓመት ብቻ ከሆነ፣ መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ ሙዚቃው በሕይወት እንዲቆይ ያደረገው ምን እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው።

ከ1974 በኋላ ደርግ ሰዓት እላፊ አወጀ፤ የአዲስ አበባ የሌሊት ሕይወትም ታፈነ። ዋልያስ ባንድ ግን በሂልተን ሆቴል መጫወቱን ቀጠለ። ሰዓት እላፊው ከመግባቱ በፊት የገባ ታዳሚ እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዱ ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወትባቸው ቀናት ነበሩ። ዋልያስ ከሌሎቹ የሚለየው በመንግሥት ተቋም ወይም በሆቴል የተቀጠረ ሳይሆን የራሱ መሣሪያ ያለው፣ በራሱ የሚተዳደር ባንድ መሆኑ ነው። ይህ ባንድ በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ያለ ድምፅ፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ አልበም አወጣ፤ በውስጡም «ሙዚቃዊ ስልት» አለ፣ የግርማ በየነ ድርሰት። አንድ የቤዝና የድራም ምልልስ ከሥር ሳያቋርጥ ይሄዳል፤ በላዩ ላይ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ በአንድነት አንድ አጭር ዜማ ያወጣሉ፤ ኦርጋኑ ይመልሳል። ከዚህ የበለጠ የተወሳሰበ ነገር የለውም። ነገር ግን ሰምቶ የሚረሳው ሰው እምብዛም አይገኝም። በ1981 ዋልያስ ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ጉዞ ሄደ። ጉዞው ሲያበቃ አራቱ፣ ኃይሉ መርጊያ፣ ሞገስ ሀብቴ፣ መላከ ገብሬና ግርማ በየነ፣ እዚያው ቀሩ፤ የተቀሩት ወደ አገር ተመለሱ። ባንዱ በዚህ ሁኔታ ተበተነ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ሁለት መንገድ አለው። ግርማ ከሙዚቃ እየራቀ ሄደ። ድርሰቱ ግን በሌሎች እጅ ከአገር አገር መዞር ጀመረ። በ1994 ፈረንሣዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው የሰባዎቹ ዘፈኖች ስብስብ በፓሪስ ታተመ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ኢትዮፒክስ ተጀመረ። በ1998 ኒውዮርክ ውስጥ ዳክታሪስ የተባለ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት»ን ቀርጾ አወጣ። በ2000 ደግሞ በቦስተን የሚገኘው በራስ ገርሾን የሚመራው ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለ የጃዝ ባንድ ሦስት የኢትዮጵያ ዘፈኖችን በአልበሙ አካተተ፤ «ሙዚቃዊ ስልት» ከሦስቱ አንዱ ነበር። በ2006 ዘ ኤክስ የተባለው የአምስተርዳም ባንድ ከሳክስፎኑ ንጉሥ ከጌታቸው መኩሪያ ጋር «ሞዓ አንበሳ»ን ሲሠራ ይህንኑ ድርሰት በሌላ መልክ ተጫወተው። አንዱ የአፍሮቢት ባንድ ነው፤ ሁለተኛው የጃዝ ኦርኬስትራ፤ ሦስተኛው በኤሌክትሪክ ጊታር የሚያስጮኽ የፓንክ ባንድ። ሦስቱም በየራሳቸው ቋንቋ የግርማን ሐሳብ አነበቡት። ድርሰቱን የጻፈው ሰው በእነዚህ ዓመታት ሁሉ በመድረክ ላይ አልነበረም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ተቃውሞ እመጣለሁ፤ እሱም ቀላል አይደለም። «ባንዶቹ ዘፈኖቹን ያገኙት ከየት ነው? ከታተሙት ሲዲዎች አይደለም ወይ? ስለዚህ የመጀመሪያው ምስጋና ለማሳተሙ ነው እንጂ ለመጫወቱ አይደለም» ሊባል ይችላል። የጊዜው ቅደም ተከተል ይህን ይደግፋል። ፋልሴቶ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የደከመበት ሥራ ባይኖር ቦስተን ያለ ሳክስፎን ተጫዋች የአዲስ አበባን ዘፈን የሚሰማበት ዕድል ጠባብ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ሲዲ የሚያደርገውና የማያደርገው ነገር አለ። ሲዲ የድሮውን ድምፅ ያስቀምጣል። ያንን ድምፅ ያወጣውን ሰው ግን ወደ መድረክ ሊያወጣው አይችልም። ዘፋኝ ለመመለስ ባንድ ያስፈልገዋል፤ ባንዱም ዘፈኖቹን ከነቅንብራቸው የሚያውቅ መሆን አለበት። የግርማ ባንድ ተበትኗል፤ የሆቴሎቹ ባንዶች በኪቦርድ ተተክተዋል፤ አራትና አምስት የትንፋሽ መሣሪያ አሰልፎ የሚጫወት ባንድ በሰማንያዎቹና በዘጠናዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ እየጠፋ ነበር። አንድ ሰው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ከስደት ተመልሶ ቢመጣ ከማን ጋር ይጫወታል? ማን ያጅበዋል? ይህን ጥያቄ የመለሱት ዘፈኖቹን ቀድመው በመጫወት የለመዱት ባንዶች ናቸው፤ ከሲዲ አጃቢ ባንድ ሊወጣ አይችልም።

ማስረጃውም አንድ ብቻ አይደለም። በጥር 2004 ኢዘር ኦርኬስትራ አዲስ አበባ መጥቶ ተጫወተ፤ ከዱክ ኤሊንግተን የ1973 ጉብኝት ወዲህ ወደ አገራችን የመጣ የመጀመሪያው የአሜሪካ ትልቅ የጃዝ ባንድ ነው ተብሏል። በዚያ መድረክ ላይ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ጌታቸው መኩሪያና ባሕታ ገብረ ሕይወት አብረውት ቀረቡ፤ ዝግጅቱም የኢትዮፒክስ 20ኛ ቅጽ ሆኖ ታተመ። አራት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ያጠኗቸው ዘፈኖች ባይኖሩ ኖሮ ይህ ጉዞ አይታሰብም ነበር። በ2008 ደግሞ ዓለማየሁ እሸቴና ማሕሙድ አሕመድ ኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር ላይ ሲዘፍኑ ያጀባቸው ይኸው ባንድ ነው። በዚያው ዓመት በአውሮፓ ባዱምስ ባንድ የተባለ የፈረንሣይ ብሬታኝ ባንድ ለእነዚህ ዘፋኞች አጃቢ ሆነ። የጌታቸው መኩሪያ ታሪክም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ዘ ኤክስ የሠራውን ሥራ ራሱ ሰምቶ ከእነሱ ጋር አልበም እንሥራ ያለው እሱ ነው። የአንጋፋዎቹ መመለስ ሁሉ አንድ ዓይነት ቅርጽ አለው። በቅድሚያ አንድ ባንድ ዘፈኑን ይማራል፤ ቀጥሎ ባለቤቱን ይፈልጋል፤ በመጨረሻም ከኋላው ይቆማል። አካሌ ውቤም እንደዚሁ ነው። ስሙን የወሰደው ጌታቸው መኩሪያ ከተጫወተው ዜማ ነው፤ የመጀመሪያ አልበሙ በ2010 የወጣ ሲሆን ከዚያ በኋላ «ማታ» እና «ሶስት» የተሰኙ አልበሞችን አውጥቷል። ግርማ በየነ ከእነሱ ጋር በቆመበት ሰዓት እነዚህ ሰዎች የዚያን ዘመን ቅንብር ለዓመታት ሲለማመዱ የኖሩ ነበሩ። ስለዚህ ግርማ አዲስ ነገር ሊያስተምራቸው አልነበረበትም፤ ራሱ የጻፈውን ቋንቋ ከሚናገሩ ሰዎች ጋር መነጋገር ብቻ ነው የቀረው።

ለዚህ ሐሳብ አስቸጋሪ የሚሆነው የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ነው። ኃይሉ ከዋልያስ ጓደኞቹ ጋር አሜሪካ ቀርቶ በዋሽንግተን ዳለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ሲያሽከረክር ኖረ፤ ኪቦርዱን በመኪናው ዕቃ መጫኛ ይዞ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ይለማመድ እንደ ነበር ራሱ ተናግሯል። በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠራት ካሴት በ2013 በአንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ዳግም ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ዓለምን ዞረ፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አመጣ። እዚህ ላይ በመሐል የገባ ኮፒ አድራጊ ባንድ የለም፤ ካሴቷ ብቻዋን መለሰችው። ይህ እውነት ነው፤ ልሸፍነው አልፈልግም። ሆኖም ሁለት ነገሮችን ማየት ይገባል። አንደኛ፣ ኃይሉ መሣሪያ ተጫዋች ነው፤ ሙዚቃው በእጁ ላይ ነው ያለው፤ ቤዝና ድራም የሚጨምሩለት ሁለት ሰዎች ካገኘ መነሣት ይችላል፤ በእርግጥም ከሁለት የውጭ ሙዚቀኞች ጋር ነው መድረክ የያዘው። ግርማ ግን አቀናባሪ ነው፤ የእሱ ሙዚቃ ስምንትና ዘጠኝ ሰው ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ያቺ የኃይሉ ካሴት ራሷ ምንድን ናት? ሸሞንሟናዬ፣ አምባሰል፣ ሽለላ፤ ከገጠር እስከ ከተማ ማንም የሚያውቃቸው፣ ባለቤታቸው ሕዝብ የሆኑ ዜማዎች ናቸው። ኃይሉ በኪቦርድና በአኮርዲዮን መልሶ የተጫወታቸው የሰው ዘፈኖች ናቸው። ስለዚህ ኃይሉን የመለሰችው ካሴት ሌላ ሰው የሠራውን ዜማ የሚያነሣውን ያንኑ ልማድ የተከተለች ናት።

ከዚህ የበለጠ ከባዱ ጥያቄ የገንዘብና የስም ጥያቄ ነው። የኒውዮርኩ ዳክታሪስ አልበሙን ሲያወጣ በሽፋኑ ላይ በናይጄሪያ የተሠራ እንደሆነ አድርጎ አቅርቦት ነበር፤ ገዢው የሰባዎቹን የሌጎስ ሙዚቃ የሚሰማ እንዲመስለው። በዚያ ውስጥ የኢትዮጵያዊ አቀናባሪ ድርሰት መግባቱ ነገሩን ድርብ ጥፋት ያደርገዋል፤ ሙዚቃው ከአዲስ አበባ ተነቅሎ በሐሰት ወደ ሌላ ከተማ ተተክሏል። ይህን እንደ መልካም ምሳሌ ማቅረብ አልችልም። ሕጉም ለባለቤቱ አልቆመም። የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ1647 እስከ 1674 ባሉት አንቀጾቹ የሥነ ጽሑፍና የኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤትነትን ቢደነግግም፣ አገራችን በዚያ ዘመን የበርን ስምምነት አባል ስላልነበረች የአንድ አዲስ አበቤ ሙዚቀኛ መብት ድንበር ሲሻገር ይሟሟ ነበር። ልዩ የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ የወጣው በ2004 ነው፤ ሮያሊቲ በጋራ የሚሰበሰብበትን ሥርዓት ያስገባው ማሻሻያም በ2014። ያን ጊዜ የሰባዎቹ ሙዚቀኞች ብዙዎቹ ሽምግልና ላይ ነበሩ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ በዓለም ዙሪያ ለተጫወቱት ዘፈን ሁሉ ለደራሲው ክፍያ ይደርሰው ነበር ብሎ የሚያስብ ሰው የዋህ ነው።

ይህ ሁሉ ግን በደሉ የት ላይ እንደሆነ በትክክል እንድናይ ያስገድደናል። በደሉ መጫወቱ ላይ አይደለም፤ ሳይጠቅሱና ሳይከፍሉ መጫወቱ ላይ ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ «የውጭ አገር ሰዎች ሙዚቃችንን ዘረፉት» ማለት በዳዩንና ባለውለታውን አንድ ያደርጋቸዋል። ኢዘር ኦርኬስትራ የደራሲዎቹን ስም ጽፎ፣ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከባለቤቶቹ ጋር አብሮ ቆሟል። ዘ ኤክስ ጌታቸውን በአውሮፓ መድረኮች ላይ ከፊት አስቀድሞ ነው የተጫወተው። አካሌ ውቤ ደግሞ የግርማን ስም ከራሱ ስም በፊት አድርጎ አልበም ሠራ። የሚጠቅስ ባንድና የሚደብቅ ባንድ ያደረጉት ሥራ በጆሮ ሲሰማ አንድ ሊመስል ይችላል፤ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የመጀመሪያው ባለቤቱን ፍለጋ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ባለቤቱ እንዳይታወቅ መንገዱን ይዘጋል። የክፍያው ጥያቄ እስካሁን ያልተዘጋ ቁስል ነው፤ ዛሬ በአገር ውስጥ ባሉ ክለቦችና በዩቲዩብ ላይ ሳይቀር የድሮ ዘፈን ሲዘፈን የደራሲው ቤተሰብ ምን ያገኛል ብሎ መጠየቅ የሁላችንም ግዴታ ነው።

ሌላም ቅሬታ አለ፤ እኔም በከፊል እስማማበታለሁ። የውጭ ባንዶች ከዚያ ዘመን ሙዚቃ ውስጥ የመረጡት በአብዛኛው ቃል የሌለውን ነው። «ሙዚቃዊ ስልት»ን እንዲህ ብዙ ጊዜ የተጫወቱት ድምፅ ስለሌለው ነው፤ አማርኛ የማይችል ሰው ሊጫወተው ይችላል። «እኔ ነኝ ባይ ማነሽ» ግን የሚዘፍነው ይፈልጋል። ስለዚህ ዓለም ያወቀው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ግጥሙ የተቀነሰበት ሙዚቃ ነው፤ ለእኛ ደግሞ ግጥሙ የዘፈን ግማሽ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ሰምና ወርቁ፣ አሽሙሩ፣ ስንኙ ሲጨርስ ሰው «እህ!» የሚልበት ቦታ በሳክስፎን አይተረጎምም። ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው። ነገር ግን የዘፋኙ መመለስ ትርጉም ያገኘው ከዚህ ጉድለት የተነሣ ነው። ባንዱ ሙዚቃውን ያውቃል፤ ቃሉን አያውቅም። ግርማ ፓሪስ ላይ ማይክሮፎን ሲይዝ ለዓመታት የተለማመዱት ቅንብር የጎደለውን አማርኛ አገኘ። ያለ ባንዱ ዘፋኙ መድረክ አልነበረውም፤ ያለ ዘፋኙም ባንዱ ግማሽ ዘፈን ይዞ ነበር።

ይህ ሁሉ የውጭ አገር ሰዎች ታሪክ ብቻ ይመስላል የሚል ካለ፣ አይደለም። ግሩም መዝሙር በ2008 ገደማ ያቋቋመው አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት የሃምሳዎቹንና የስድሳዎቹን የከተማ ዘፈኖች በአኮርዲዮን፣ በክላሪኔትና በማንዶሊን መልሶ የሚጫወት የአገር ቤት ቡድን ነው፤ አልበማቸውም «ትውስታ» ይባላል። ማንዶሊኑን የያዘው አየለ ማሞ ነው፤ ያ መሣሪያ ከአዲስ አበባ ሙዚቃ ሊጠፋ ተቃርቦ በነበረበት ጊዜ የቀድሞውን ዘመን አጨዋወት በጣቱ የያዘ አንጋፋ። እዚህም የምናየው ያንኑ ቅርጽ ነው። ወጣቶች የድሮውን ዘፈን ሊጫወቱ ተነሡ፤ ዘፈኑ ማንዶሊን ጠየቀ፤ ማንዶሊኑ አየለ ማሞን ጠየቀ። ሲዲ ብቻ ቢሰሙ ኖሮ ማንዶሊን ተጫዋች ፍለጋ የሚወጣ አይኖርም ነበር። ይህ ምሳሌ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ያስደስተኛል፤ ልማዱ በራሳችን ከተማ፣ በራሳችን ልጆች እጅ ሲሠራ ያሳያልና። በየምሽቱ በየክለቡ የሰው ዘፈን የሚዘፍነውን ወጣት በንቀት የምናይበትን ዓይን ይህ ሊያስተካክለው ይገባል። ያ ወጣት ዘፈኑን በትክክል ካጠናው፣ የመግቢያውን ዜማ ሳይቆርጥ፣ ሁለተኛውን ድምፅ ሳይጥል ከተጫወተው፣ ከማንኛውም ቤተ መዛግብት የማይተናነስ ሥራ እየሠራ ነው።

በመጨረሻ የሚቀረው ተቃውሞ ሙሉቀን መለሰ ነው። የሙሉቀን ዘፈኖች፣ እነ «ሄደች አሉ»፣ ከማንም በላይ ተዘፍነዋል፤ በአገር ውስጥም በውጭም በየትውልዱ የሚያነሣቸው ወጣት አይጠፋም። መልሶ መጫወት ዘፋኝን የሚመልስ ቢሆን ኖሮ ከሁሉም በፊት የሚመለሰው እሱ በሆነ ነበር። አልተመለሰም። በሰማንያዎቹ ወንጌላዊ እምነትን ተቀብሎ ዘፈን አቆመ፤ ኑሮውን በአሜሪካ አደረገ፤ በ2024 እዚያው እስካረፈበት ጊዜ ድረስ በመዝሙር ጸና። ይህ ግን የእኔን ሐሳብ አያፈርስም፤ ልኩን ያሳየዋል እንጂ። ባንዶች መንገድ ይጠርጋሉ፤ ሰውን ጎትተው አያመጡም። ግርማ ከኑሮና ከሐዘን የተነሣ ዝም ያለ ሰው ነበር፤ መንገዱ ሲከፈት የሚሄድበት እግር ነበረው። ሙሉቀን ግን በገዛ ፈቃዱ የመረጠው ሕይወት ነበረው፤ ዘፈኖቹን በቃላቸው የሚያውቁ ከአንድ በላይ ባንዶች ሊያጅቡት ዝግጁ እያሉ «አይሆንም» ማለት ሙሉ መብቱ ነበር። ስለዚህ «ሄደች አሉ»ን ዛሬ የሚዘፍን ወጣት የሙሉቀንን መመለስ ሳይጠብቅ፣ ደራሲውንና አቀናባሪውን በስም ጠርቶ፣ ለወራሾቹም የሚገባቸውን ከፍሎ ሊዘፍነው ይችላል፤ ይገባዋልም።